የወዳጆ ልጆች

እየሩስ ፀጉሯን ተላጭታ ድንኳኑ በር ላይ ስትቆም የሚያለቅሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ጽናት ከእናቷ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበችና ከሥሩ ያለውን ጉንጉኗን ሸፈነች። የሞቱት የእሷ አባት ናቸው፤ የተላጨችው ግን እየሩስ ናት።

በቀብሩ ዕለት ጽናትም ለመላጨት ተነሥታ ነበር። ምላጩን የቀሟት እናቷ ወይዘሮ ጌታነሽ ናቸው፤ ያላገባች ልጅ ናት፣ ፀጉሯን ተዉልኝ ብለው ለመኑ። አክስቷ ወይዘሮ ተሾመች ከግንባሯ ላይ አንድ ጉንጉን ቆረጡላትና ይበቃል ተባለ። አሁን ከጓሳ ማዶ የመጣች፣ በሥጋ የማትዛመዳቸው ልጅ፣ የልጅነትን ምልክት ራሷ ላይ አድርጋ ቆመች። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ከባለቤቱ ይበልጥ ያዘነስ ምን እንደሚባል ጽናት ታውቃለች፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነች ብቻ አልተናገረችውም።

እየሩስ ብቻዋን አልነበረችም። ከኋላዋ ስምንት ወጣቶች ተከትለዋታል፤ ሁሉም በእጃቸው አንዳንድ ነገር ይዘዋል። ባምላኩ የብየዳ መነጽሩን፣ አዳነ የእንጨት መላጊያውን፣ ኪዳነምሕረት የልብስ መቀሷን፣ እየሩስ ካቻቢቴዋን። በመንዝ ለቅሶ የሟች ዕቃ ወጥቶ ይታያል፤ ጠመንጃ የነበረው ጠመንጃው ይያዝለታል፣ ፈረስ የነበረው ፈረሱ ተጭኖ በለቀስተኛው መሀል ይዞርለታል። ጋሽ ወዳጆ ግን ሞላሌ ላይ ሠላሳ ዓመት እህል ሲፈጩ የኖሩ ባለወፍጮ ናቸው። ጠመንጃም ፈረስም አልነበራቸውም። ልጆቹ ማንንም ሳያማክሩ እሳቸው የሰጧቸውን የሥራ ዕቃ ከፍ አድርገው እየዞሩ «አባቴ፣ አባቴ» ማለት ጀመሩ።

ወይዘሮ ተሾመች ሙሾ ማውረድ ያውቁበታል። ያዩትን ወዲያው ግጥም አደረጉት።

«ጠመንጃም አልያዘ፣ ፈረስም አልጫነ፣
በሰው ልጆች እጅ ነው ስሙ የገነነ።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። ጽናትም አለቀሰች፤ ከዕንባዋ ግማሹ ግን የንዴት ነበር። በሰው ልጆች እጅ ነዋ። ጉልበቷ ላይ ያሉትን የራሷን እጆች አየቻቸው። ምንም አልያዙም።

ነገሩ የተጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ብዙዎቹ የሞላሌ ልጆች ሳያልፉ ሲቀሩ፣ ጋሽ ወዳጆ አራት ነጋዴዎችን ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ሰብስበው፣ ልጆቹ የትም ከሚባዝኑ እጃቸውን እናሠልጥን አሉ። ነጋዴዎቹ ተስማሙ። በየዓመቱ ሁለት ሁለት ልጅ እየመረጡ ደብረ ብርሃን ወርዶ ሙያ እንዲማር ይረዳሉ፤ ተመርቆ ሲመለስ ደግሞ የሚሠራበትን ዕቃ ይገዙለታል። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። መመለስ የፈለገ እዚሁ ሞላሌ ይሥራልን ይሉ ነበር ጋሽ ወዳጆ። ከተማው እነዚህን ልጆች የወዳጆ ልጆች ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ጋሽ ወዳጆ ከአብራካቸው የተከፈለች አንዲት ልጅ እንዳላቸው ለማስታወስ ሰው ትንሽ ማሰብ ነበረበት።

በአራተኛው ቀን የባምላኩ እናት፣ እማማ ወለተኪዳን፣ ከጓሳ ሥር ተነሥተው በእግራቸው መጡ። ከበጎቻቸው ፀጉር ያሠሩትን አዲስ ባና ወይዘሮ ጌታነሽ እግር ላይ ዘርግተው ካለቀሱ በኋላ፣ የሟቹን ነገር ለተቀመጠው ሰው ያወሩ ጀመር። ልጃቸው ፈተናውን የወደቀ ጊዜ አፍሮ ከቤት መውጣት ትቶ ነበር። ሰው አያይ፣ እህል አይቀምስ። ከዕለታት አንድ ቀን ጋሽ ወዳጆ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ደጃቸው ደረሱ። ገቡና ከልጁ ጎን መደብ ላይ ቁጭ ብለው፣ ብዙ ሰዓት ምንም ሳይናገሩ አብረውት ዋሉ። ሊሄዱ ሲነሡ ብቻ፣ እጅህን አሳየኝ አሉት። አገላብጠው አዩለትና ይሄ እጅ አልወደቀም አሉት። በማግሥቱ ልጁ ከቤት ወጣ።

ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጽናት ግን ያንን ቀን አስታወሰችው። አባቷ እህል ልገዛ ነው ብለው በማለዳ የወጡበት ቀን ነው፤ በማግሥቱ አቧራ ለብሰው ሲመለሱ እግራቸውን ያጠበችላቸው እሷ ናት። ኋላ የእሷ ውጤት የመጣ ዕለት ከጎኗ ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ወዳጆ ወረቀቱን አይተው መለሱላትና፣ ሚዛኑ ጋ ሰው ቆሟል፣ ሂጂ አስተናግጂ አሏት። እጅሽን አሳዪኝ ያላት የለም።

ያ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ጽናት በመውደቋ ብዙም አላዘነችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈልገው የወፍጮውን ሞተር ነበር። ያንን ሲቃጠል አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ የሚሄደውን ሞተር፣ እዚሁ ፈትታ መጠገን። ለኤሌክትሪክ ሙያ ከሚመረጡት ተርታ ስሟን በገዛ እጇ ጽፋ አስገባች። ነጋዴዎቹ ሊመርጡ የተሰበሰቡ ዕለት ሻይ ያቀረበችላቸውም እሷ ናት። አባቷ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡና ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ስሟን ሰረዙት።

«የሰጪ ልጅ ተቀባይ አይሆንም» አሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩአትም።

የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴው ጋሽ አፈወርቅ ሊያማልዷት ሞከሩ። ጋሽ ወዳጆ አልሰሟቸውም። ዛሬ የእኔን ካስገባሁ ነገ የእናንተን አስገባ ትሉኛላችሁ፣ ያን ጊዜ የድሃው ልጅ በየት ይገባል አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው ጽናትን ይበልጥ ያቃጠላት። ቦታው ለክፍል ጓደኛዋ ለእየሩስ ተሰጠ። እየሩስ ሁለት ዓመት ተምራ ስትመለስ ጋሽ ወዳጆ ቀይ የዕቃ ሳጥን አበረከቱላት፤ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችውንም ክፍል ለቀቁላት። የከተማውን ሞተር ሁሉ የምትጠግን እሷ ሆነች። እየሩስን ልጄ ሲሏት ጽናት ሚዛኑ ላይ ቆማ የሰው ገብስ ትመዝናለች። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፉ። ወፍጮ ቤት ያደገች ልጅ ነቀዝን ታውቀዋለች፤ እህሉ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ ሲጨብጡት ይፈርሳል።

በአምስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። ከራቤል የመጡት ዘመዶች ተሰናብተው ሄዱ፣ እድሩ ግማሹን አግዳሚ ወንበር ሰበሰበ። የቀሩትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ኑሮ ማውራት ጀመሩ፤ ለቅሶ ቤት በአምስተኛው ቀን እንዲህ ነው። ጽናት ንፍሮ ይዛ ስትገባ ጋሽ አፈወርቅ እናቷን ያማክሯቸው ነበር። ወፍጮው ቆሞ ሊቀር አይገባም ይላሉ። ነጋዴዎቹ ተነጋግረውበታል፤ እየሩስ ትያዘው፣ ሙያውን ተምራዋለች፣ ገቢውን ለቤቱ ታስገባለች። ጽናትም እንደ ወትሮዋ ትመዝን።

ወይዘሮ ጌታነሽ መሬት መሬት እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ማለታቸው ይሁን ሐዘኑ፣ አልታወቀም።

«እኔስ?» አለች ጽናት ሳህኑን እንደያዘች።

«አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ» አሉ ጋሽ አፈወርቅ፣ እንደ ማጽናናት አድርገው።

ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ስሟ የተሰረዘውም የቤት ልጅ ስለሆነች ነው። የቤት ልጅነት ትርፉ ይሄ ከሆነ የሰው ልጅ መሆን ሳይሻል አይቀርም። አባቷ በታመሙባቸው ሁለት ወሮች ከአልጋቸው ሥር ያልተነሣችው እሷ ናት፤ ወፍጮውን እየሩስ ስታንቀሳቅስ ጽናት ትራስ ታስተካክል፣ አክታ ትቀበል ነበር። አሁን ወፍጮውን ማንቀሳቀሷ ለእየሩስ ተቆጠረላት።

ለሰባተኛው ቀን ዳቦ ተጋግሮ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለበት። ወይዘሮ ጌታነሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ስንዴው በሟቹ ወፍጮ ይፈጭ። ለሞላሌ ሰው ሁሉ ፈጭቶ ኖሮ ለራሱ በሰው ወፍጮ አይፈጭለትም አሉ። ስለዚህ በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከሞቱ ጀምሮ ተዘግቶ የነበረው ወፍጮ ቤት ተከፈተ። እየሩስ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘውን ቺንጋ አይታ ማብሪያውን ጫነች። ሞተሩ ተነሣ። ደጅ የነበሩት ሴቶች ድምፁን ሲሰሙ እንደ አዲስ አለቀሱ።

ቋቱ ውስጥ የወረደው ግን ዱቄት አልነበረም። ሸካራ ነው፣ ክክ ነገር፣ በዚያ ላይ እጅ ያቃጥላል። እየሩስ አጠፋችው። ቺንጋውን አጥብቃ ደግማ አስነሣችው፤ ያው ሆነ። ሞተሩን ፈታች፣ ሽቦውን ነካካች፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከረች። በተላጨው ራሷ ላይ ላቡ ይታያል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አለች አንዷ ከኋላ ቀስ ብላ።

ጽናት ከቋቱ ቆንጠር አድርጋ በሁለት ጣቶቿ አሸችው። ወዲያው ገባት። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ድንጋዩ ደንዟል። የወፍጮ ድንጋይ በየጊዜው ተነሥቶ ጥርሱ ካልተወቀረ እህሉን ይከካዋል እንጂ አይፈጨውም። ጋሽ ወዳጆ ከተኙ ወዲህ ማንም አላነሣውም። ሲፈጭበት የከረመው አብዛኛው የተቆላ የበሶ ገብስ ስለሆነ ጉዱ አልታወቀም፤ ጥሬው ስንዴ ነው ያጋለጠው።

ልትናገር አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። የተማረችው እሷ ናት፣ ትፈልገው። የእየሩስ እጅ በሰው ፊት ሲደናበር እያየች ሆዷ ደስ አለው። በአባቷ ስድስተኛ ቀን ቆማ ደስ አላት።

ድንጋዩን እንደ መልኳ ነው የምታውቀው። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ፣ አባቷ የላዩን ድንጋይ ባነሡ ቁጥር ጽናትን ጥሩልኝ ይሉ ነበር። ሥራዋ ባትሪ መያዝ ነው። የጣራው አምፖል አይጠቅምም፤ የድንጋይ ጥርስ የሚታየው ብርሃን ከጎኑ ሲመታው ነው። እሳቸው በመውቀሪያው ጥርሱን እያሾሉ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ እሷም ባትሪዋን ይዛ አብራ ትዞራለች። እጇ ሲዝልና ብርሃኑ ሲርድ «አታንቀጥቅጪው፤ ብርሃን ሲንቀጠቀጥ ድንጋይ ይዋሻል» ይሏታል። ሌላ ነገር አይናገሩም። ጽናት ይሄን እንደ ሙያ ቆጥራው አታውቅም። ሰው ደብረ ብርሃን ወርዶ ይማራል፣ እኔ ባትሪ እይዛለሁ፤ ይሄንንማ ግድግዳ ላይ ያለ ሚስማርም ይይዘዋል ትል ነበር በሆዷ።

የመጨረሻው ጊዜ ከሌላው የተለየ ነበር። አልጋ ላይ ከመዋላቸው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ድንጋዩን ግማሽ ያህል ከወቀሩ በኋላ ቆም አሉ። መውቀሪያውን ሰጧትና ባትሪውን ተቀበሏት። የቀረውን አንቺ ጨርሺው አሉ። ጨረሰችው። እጇ ያለ ማንም ነጋሪ መንገዱን አወቀው፤ አሥር ዓመት ሲያይ የኖረ ዓይን እጅን ይመራል። ብርሃኑ ግን ድንጋዩ ላይ ይርገበገብ ነበርና ሰለቻት።

«አባባ፣ እያንቀጠቀጡት እኮ ነው» አለቻቸው።

እሳቸውም ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ባትሪውን በሁለት እጃቸው ያዙት። በሽታው ያኔ ገብቶባቸው እንደነበር የገባት ዘግይቶ ነው። ያቺን ቃሏን መልሳ ብትውጣት ምን አለበት እያለች ሁለት ወር ሙሉ አልጋቸው ሥር ተቀምጣለች።

እኩለ ቀን ላይ ወይዘሮ ጌታነሽ ራሳቸው ተደግፈው ወፍጮ ቤቱ በር ድረስ መጡ። ቋቱን አዩት። ከሸካራው ዱቄት አንድ እፍኝ አነሡና በጣቶቻቸው መሀል እያፈሰሱ ቆዩ።

«ወፍጮውም እንቢ አለኝ» አሉ። ወይዘሮ ተሾመች ይዘዋቸው ተመለሱ። የእድር ሴቶችም ስንዴውን ወደ ገበያው በኩል ወዳለው ወፍጮ ሊወስዱ ጆንያውን ማሰር ጀመሩ።

የጽናት ደስታ እዚያው ላይ አለቀ። እናቷን ያሳዘነችው እየሩስ እንዳልሆነች ታውቃለች። ወፍጮ ቤት ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው። እየሩስ በተበታተነው ሞተር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ በዱቄትና በግራሶ ተለውሷል።

«ድንጋዩ ነው» አለች ጽናት።

«አውቃለሁ» አለች እየሩስ።

ጽናት የተበታተነውን ሞተር አየች። ካወቅሽ ይሄን ሁሉ ሰዓት ሞተሩን ምን ታደርጊዋለሽ አለቻት።

«ድንጋዩን ካልሁ አንቺን መጠየቄ ነው። አንቺን ከምጠይቅ ሞተሩን አሥር ጊዜ ብፈታ መረጥሁ።»

ከዚያ ቀና ሳትል ነገረቻት። ጋሼ ድንጋዩን ሊያነሡ ሲሉ እሷን ያስወጧት ነበር። ከጎን ባለችው ክፍሏ ተቀምጣ የመውቀሪያውን ድምፅ በግድግዳው በኩል ትሰማለች፤ የጽናትንና የአባቷን ዝምታም ትሰማለች። አንድ ቀን ደፍራ እኔንም ያስተምሩኝ ብትላቸው፣ ቀዩን ሳጥን በእግራቸው ነካ አድርገው ሳቁ።

«ለአንቺ የሰጠሁሽ የአገር ነው፤ ይሄ ግን የቤት ነው፣ የጽናት ነው አሉኝ» አለች እየሩስ። «ሙሉ ሳጥን ዕቃ ሰጥተውኝ የመውቀሪያዋን አንዲት ብረት እንኳ አላስነኩኝም። ስንት ቀን እንደቀናሁብሽ ብነግርሽ አታምኚኝም። ጋሽ አፈወርቅም ትናንት ወፍጮውን ያዢ አሉኝ። ሞተሩን እይዛለሁ። ድንጋዩን የማያውቅ ሰው ግን ወፍጮ ያዝኩ አይልም።»

ጽናት አራት ዓመት ሙሉ ስትቀና አንድም ቀን በእሷ የሚቀና ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። አባቷ ቀና ብለው ያላዩአት ያን የመሰረዙን ዕለት ትዝ አላት። ለእሷ ያስቀመጡላትን ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ብቻ መናገር አይሆንላቸውም። አንድ ቃል ቢነግሯት ምን ነበረበት ብላ ተናደደችባቸው፤ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያዋ የልጅ ንዴት ነች። ከዚያም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በሆዷ የያዘችውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ፀጉርሽንስ?»

«የወለደኝ አባቴ ሲሞት አራት ዓመቴ ነበር። ሕፃን ናት ብለው አልላጩኝም» አለች እየሩስ ራሷን በመዳፏ እየዳሰሰች። «አሁን የሁለቱንም ነው የተላጨሁት።»

መውቀሪያው በቦታው ነበር፤ ከበሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በጆንያ ቁራጭ ተጠቅልሎ። ጽናት ፈታችው። እጀታው በአባቷ መዳፍ ልክ ተበልቷል። ይዛው ወደ ደጅ ወጣችና ሴቶቹን ስንዴውን ፍቱት፣ የትም አይሄድም አለቻቸው። እናቷ ከድንኳኑ ሆነው እጇ ላይ ያለውን አዩት። እንደ ሌሎቹ ከፍ አድርጋ አላሳየቻቸውም። እንደያዘችው ተመልሳ ገባች።

የላዩን ድንጋይ ሁለቱ ተጋግዘው አነሡና በጀርባው አስተኙት። ጥርሱ ተበልቶ ልሙጥ ሆኗል። ጽናት ባትሪውን ለእየሩስ ሰጠቻት፤ ከጎን አብሪልኝ፣ ከላይ አይደለም አለቻት። ተንበርክካ አባቷ ከሚጀምሩበት ጠርዝ ጀመረች። የመውቀሪያው ድምፅ እስከ ድንኳኑ ተሰማ።

ጥቂት እንደሄደች ብርሃኑ ድንጋዩ ላይ መርገብገብ ያዘ። ቀና ብላ አየች። እየሩስ ባትሪውን በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯን ነክሳ ታለቅሳለች። ጽናት «አታንቀጥቅጪው» ልትል አፏን ከፈተች።

አላለችም። በግራ እጇ ጣት የድንጋዩን ጥርስ እየዳሰሰች፣ በዚያው በሚንቀጠቀጠው ብርሃን መውቀሯን ቀጠለች።